ክስን ከቁጣ መለየት፦ ዛቻና የተሽከርካሪ ስርቆት በጉምቦ

ነጭ ዓባይን ተሻግሮ ከጁባ ወደ ምሥራቁ ዳር የወጣ መንገደኛ አስቀድሞ የሚደርስባት ሰፈር ጉምቦ ናት። በባሪ ሕዝብ አገር፣ በራጃፍ ምድር የተቆረቆረችው ይህች ሰፈር የከተማይቱ ምሥራቃዊ መግቢያ ስለ ሆነች፣ እስከ ኡጋንዳ ጠረፍ እስከ ኒሙሌ የሚዘልቀው የ192 ኪሎ ሜትር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 አስፋልት ለብሶ ከተፈጸመ፣ በ2022ም የነጻነት ድልድይ የተባለው አዲሱ ድልድይ ከተከፈተ ወዲህ፣ ጁባ የምትበላው ዱቄት፣ የምታነደው ነዳጅና የምትገነባበት ሲሚንቶ እጅግ የሚበዛው በጉምቦ ፊት አልፎ የሚገባ ሆኗል። ስለዚህ በጉምቦ አንድ የጭነት መኪና፣ አንድ የውሃ ቦቴ፣ አንዲት ቦዳ ቦዳ የምትባል ሞተር ብስክሌት እንኳ የብዙ ሰዎች የዕለት እንጀራ ናት፤ በዚሁ እንጀራ ከሚኖሩት መካከልም ውሃ በቦቴ የሚያመላልሱ፣ ጋራዥ የከፈቱ፣ ሆቴልና ሱቅ የያዙ የኢትዮጵያ ልጆች ቁጥራቸው ጥቂት አይደለም።

እንጀራ በጎማ ላይ በሚዞርበት ስፍራ ጠብም በጎማ ላይ መዞሩ አይቀርም። ባለ ንብረትና ሾፌር፣ ሻጭና ገዢ፣ አበዳሪና ተበዳሪ፣ በሽርክና የገዙ ሁለት ወዳጆች ሳይቀሩ በተጣሉ ጊዜ፣ ከሳሹ ፖሊስ ጣቢያ ደርሶ የሚያሰማው አቤቱታ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር በአንድ ትንፋሽ ያጣመረ ነው፦ «ዛተብኝ፤ መኪናዬንም ሰረቀኝ»። የዚህ ሐተታ ዓላማ ዛቻና ስርቆት በሕግ ፊት ልዩ ልዩ ክሶች እንደ ሆኑ፣ እያንዳንዱም በየራሱ ማስረጃ ሊቆም እንደሚገባው፣ ሁለቱ በእውነት በተገናኙ ጊዜም ከሁለቱ የከበደ ሦስተኛ ወንጀል እንደሚወለድ ማስረዳት ነው። ይህን መለየት ለሕግ ሊቃውንት ብቻ የሚተው ነገር አይደለም፤ ክሱን ያልለየ ከሳሽ እውነተኛውን በደሉን ከማይረጋው ክስ ጋር ቀላቅሎ ያጠፋልና፣ ክሱን ያልተረዳ ተከሳሽም ስለ አንዱ የሰጠው ቃል በሌላው ያስኰንነዋልና።

ነገሩ በጉምቦ ይበልጥ የሚወሳሰብበት ምክንያት አለ። በሎግቡክ፣ ማለት በአገራችን ሊብሬ በምንለው ደብተር ላይ የተጻፈው ስም የአንዱ፣ የግዢው ገንዘብ የሌላው፣ ቁልፉም በሦስተኛው እጅ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2013 የውጭ አገር ሰዎች ቦዳ ቦዳ እንዳይነዱ በደቡብ ሱዳን በተከለከለ ጊዜ፣ ሞተር ብስክሌት የነበረው የውጭ ሰው ሁሉ ወይ መሸጥ፣ ወይ ለአገሬው ሰው በቀን ሒሳብ ሰጥቶ በቃል መተማመን ግድ ሆነበት። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ፣ ደግሞም በሐምሌ 2016 በጁባ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ ነፍሱን ለማዳን የሸሸ ሰው ንብረቱን በአደራ ከመተው በቀር ምርጫ አልነበረውም። በቃል የተሰጠ አደራ፣ በቃል የተደረገ ሽርክና፣ በቃል የተዋዋሉት የደመወዝ ስምምነት ሰላም ሳለ ያገለግላል፤ ጠብ በመጣ ጊዜ ግን ምስክር የሌለው ስለሚሆን፣ የፍትሐ ብሔር ክርክር ሊሆን ይገባ የነበረው ነገር የወንጀል ስም ለብሶ ይነሣል።

በደቡብ ሱዳን የሚሠራበት የወንጀል ሕግ፣ አገሪቱ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 9 ቀን 2011 ነጻነቷን ከማወጇ አስቀድሞ በ2008 በጁባ የወጣው ነው። የዘር ሐረጉ ግን ከሩቅ ይመዘዛል። እንግሊዛዊው ማኮሌይ በ1837 ረቂቁን ያዘጋጀው፣ በ1860 ጸድቆ ከ1862 ጀምሮ የተሠራበት የሕንድ የወንጀል ሕግ፣ እንግሊዞች ሱዳንን በያዙ ጊዜ በ1899 ለወጣው የሱዳን የወንጀል ሕግ መሠረት ሆነ፤ ይህም ሕግ በየዘመኑ እየተሻሻለና እየተለወጠ ቢመጣም፣ ስርቆትን፣ ዛቻን፣ ውንብድናንና እምነት ማጉደልን የሚለይበትን አወቃቀር ለዛሬዪቱ ጁባ አውርሷል። የደቡብ ሱዳን ሕግ የቅጣት ልኩ የራሱ ነው፤ የወንጀሎቹን ባሕርይ ለመረዳት ግን ወደ ምንጩ መመለስ መንገዱን ያቀናል።

ኢትዮጵያዊው ግን በሌላ የሕግ ትምህርት ያደገ ነው። ከፍትሐ ነገሥት ዘመን በኋላ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ የስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀውና በ1949 ታውጆ ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ተካው፤ ይህንንም በተራው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የሚሠራበት የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ተካው። እነዚህ የኋለኞቹ ሕጎች የተቀዱት ከአውሮፓ ክፍለ ምድር የሕግ ሥርዓት ስለ ሆነ፣ ከእንግሊዞች ትምህርት በወጣው ሕግ ከሚተዳደር አገር ጋር ስለ አንድ ነገር በተለያየ መንገድ ይናገራሉ። ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጁባ የገባ ሰው፣ የአገሩን ሕግ ባያነበው እንኳ ልማዱንና አስተሳሰቡን በልቡናው ይዞ ይሄዳልና፣ ልዩነቱን ሳያውቅ ሊሰናከልበት ይችላል።

አስቀድሞ ስለ ዛቻ እንመልከት። በምንጩ ሕግ፣ ማለት በሕንዱ የወንጀል ሕግ፣ በ503ኛው ቁጥር እንደ ተደነገገው፣ ዛቻ ወንጀል የሚሆነው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛው፣ ዛቺው በተዛተበት ሰው አካል ወይም ስም ወይም ንብረት፣ ወይም ያ ሰው በሚሳሳለት በሌላ ሰው አካል ወይም ስም ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ ማስታወቁ ነው። ሁለተኛው፣ ይህን ያደረገው ሰውዬውን ለማስደንገጥ፣ ወይም በሕግ የማይገደድበትን ነገር እንዲያደርግ፣ ወይም ሊያደርገው መብት ያለውን ነገር እንዲተው ለማስገደድ ብሎ መሆኑ ነው። እንግዲህ የዳኛው ጥያቄ ቃሉ ከአፍ ወጣ አልወጣም በሚል ብቻ አይፈጸምም፤ ቃሉ በምን አሳብና ለምን ግብ እንደ ወጣ ሊመረመር ግድ ነው። በዚያው ሕግ ተራው ዛቻ እስከ ሁለት ዓመት፣ የሞት ወይም የከባድ አካል ጉዳት ዛቻ ግን እስከ ሰባት ዓመት እሥራት ያስቀጣ ነበር፤ ከዚህም የዛቻው ይዘት የክሱን ክብደት እንደሚለውጥ ይታያል። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በ580ኛው አንቀጽ የተጻፈው ዛቻ በአንጻሩ የሚያስቀጣው በቀላል እሥራት ወይም በመቀጮ ነው፤ የሚያስከስሰውም በተበዳዩ የግል አቤቱታ ነው።

ከዚህ የተነሣ በቁጣ የተነገረ ሁሉ ዛቻ አይደለም። ዕዳውን የተከለከለ ሰው «ካልከፈልኸኝ በሕግ አምላክ እከስሃለሁ» ቢል፣ ያስታወቀው ነገር ሕግ የፈቀደለትን መንገድ ስለ ሆነ ወንጀል አይሆንበትም። ሁለት ሾፌሮች በነዳጅ ወረፋ ተሰዳድበው ሲለያዩ ከአፋቸው የወጣው ክፉ ቃልም፣ የሚያስነቅፍ ነውር ቢሆንም፣ አሳቡ ሳይመረመር እንደ ዛቻ ሊቈጠር አይገባውም። ነገር ግን አንድ ሰው በመልእክት ወይም በአካል ቀርቦ «ቁልፉን እስከ ማታ ካላመጣህ ልጅህን ከትምህርት ቤት መንገድ ላይ ታጣዋለህ» ያለ እንደ ሆነ፣ ቃሉ በለሰለሰ ድምፅ ቢነገርም እንኳ ጉዳቱ ተጠቅሷል፤ ግዳጁም ተገልጧል፤ ቀኑም ተቈርጧልና የዛቻ መልክ ሁሉ ተሟልቶበታል። ከረዥም ጦርነት በኋላ የጦር መሣሪያ በብዙ ሲቪል ሰዎች እጅ በቀረበት አገር ደግሞ የዚህ ዓይነቱ ቃል ሸክሙ እጥፍ ስለ ሆነ፣ የተዛተበት ሰው «እኔ እንግዳ ነኝና ማን ይሰማኛል» ብሎ ሊሸሽገው አይገባም፤ የስልኩን መልእክት ሳያጠፋ፣ የሰሙትን ሰዎች ስም ሳይረሳ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ ሊይዝ ይገባዋል።

ስለ ስርቆት ደግሞ የምንጩ ሕግ 378ኛ ቁጥር አምስት ነገሮችን ይፈልግ ነበር፦ ነገሩ ተንቀሳቃሽ ንብረት መሆኑን፣ በሌላ ሰው ይዞታ ሥር የነበረ መሆኑን፣ ባለ ይዞታው ያልፈቀደ መሆኑን፣ ወሳጁ ያለ አግባብ ለማግኘት ወይም ሌላውን ለማሳጣት ማሰቡን፣ በመጨረሻም ንብረቱን ከስፍራው ማንቀሳቀሱን። በእነዚህ መካከል ኢትዮጵያዊውን አጥብቆ ሊያሳስበው የሚገባው ሁለተኛው ነው። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በ665ኛው አንቀጽ ሰርቆ የተገኘን ሰው የሚቀጣው የሌላ ሰው ሀብት የሆነን ነገር በመውሰዱ ነው፤ በሱዳኑ የሕግ ዘር ግን የሚጠበቀው ይዞታ ነው። ስለዚህ በአገራችን አስተሳሰብ «የገዛ መኪናዬን እንዴት እሰርቃለሁ?» የሚለው ጥያቄ ጉዳዩን የሚዘጋ ሲመስል፣ በጁባ ፍርድ ቤት ፊት ግን መጀመሪያው ሊሆን ይችላል።

ይህን የሚያስረዳ ምሳሌ የሕንዱ ሕግ ራሱ ከድንጋጌው በታች ጽፎት ነበር፦ ሰዓቱን ለማሠራት የሰጠ ሰው የሥራውን ዋጋ ሳይከፍል፣ ሠሪው በሕግ እንደ መያዣ ይዞት ሳለ፣ መያዣውን ሊያሳጣው አስቦ ቢወስድበት፣ ሰዓቱ የራሱ ቢሆንም ስርቆት ፈጽሟል። ዕዳ ሳይኖርበት በግልጽ ገብቶ በጉልበት ቢወስደው ግን፣ ስለ ጉልበቱ በሌላ ወንጀል ሊጠየቅ ቢችልም፣ ስርቆት አላደረገም። ይህን ወደ ጉምቦ ጋራዦች መልሰን ብናነበው ትርጉሙ ፈጥኖ ይገባናል። ሞተሩ ተፈቶ የተገጠመለት የጭነት መኪና ባለቤት፣ በዕዳው ከመካኒኩ ጋር ሳይስማማ በሌሊት መጥቶ በትርፍ ቁልፍ አስነሥቶ ቢወስደው፣ ሎግቡኩን በኪሱ ይዞ መገኘቱ ብቻ ከክስ አያድነውም። ዕዳውን ለመክፈል ዝግጁ ሆኖ ሳለ መካኒኩ ያለ አግባብ የያዘበት እንደ ሆነም፣ ቀናው መንገድ ፍርድ ቤት አቤት ብሎ ማስለቀቅ ነው።

«ለጥቂት ሰዓት ተጠቀምሁበት እንጂ ልወስደው አላሰብሁም» የሚለውም መልስ እንደ ሕጉ አገር ይለያያል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት የስርቆት ሕግ፣ ስርቆት ለመባል ባለቤቱን ለዘወትር የማሳጣት አሳብ ያስፈልጋል፤ መኪና ሳይፈቀድለት ነድቶ የመለሰው ሰው የሚቀጣው በዚያው ሕግ በ12ኛው ክፍል በተለየ ወንጀል ነው። በሕንድ ግን ከዚህ የተለየ ፍርድ ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1952 በጆድፑር የአየር ኃይል ትምህርት ቤት ሠልጣኞች የነበሩ ሁለት ወጣቶች ያልተፈቀደላቸውን የማሠልጠኛ አውሮፕላን አስነሥተው በረው ፓኪስታን ምድር ላይ አረፉ፤ መንገድ ጠፍቶብን ነው እንጂ ልንሰርቅ አላሰብንም የሚለው መከራከሪያቸው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም በ1957፣ ንብረቱን ለጊዜውም ቢሆን ያለ ፈቃድ ወስዶ ያለ አግባብ መጠቀም ባለቤቱን ማሳጣት ነው ብሎ ስርቆትነቱን አጸና። የሕንድ ፍርድ የጁባን ዳኛ አያስገድደውም፤ ነገር ግን ሁለቱ ሕጎች ከአንድ ምንጭ ስለ ተቀዱ፣ የጓደኛውን ሞተር ብስክሌት ሳያስፈቅድ ወደ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ነድቶ የሚመለስ ሰው «ተውሼው ነው» በሚለው ቃል መታመን እንደማይገባው ያሳያል።

በጉምቦ ነገር ውስጥ ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን የሾፌሩ ጉዳይ ነው። ደመወዙን ለብዙ ወር የተከለከለ ሾፌር ቦቴውን ወስዶ በግቢው አቁሞ «ገንዘቤን እስክትሰጠኝ አልመልስም» ቢል፣ ባለ ንብረቱ ሰረቀኝ ብሎ ይጮኻል። መኪናው አስቀድሞ በአደራ በሾፌሩ እጅ ስለ ነበረ፣ ሕጉ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ከስርቆት ይልቅ ስለ እምነት ማጉደል ነው፤ በሕንዱ ሕግ በ405ኛው፣ በኢትዮጵያው በ675ኛው ቁጥር የተደነገገው ይህ ወንጀልም ቢሆን የሚጸናው ባለ አደራው ንብረቱን ያለ አግባብ የራሱ ሲያደርግ፣ ሲሸጥ፣ ሲያስይዝ ወይም ሲያጠፋ ነው። ሾፌሩ በቅን ልቡና መብት አለኝ ብሎ ያመነ፣ መኪናውን ያልሸሸገ፣ ቆሞ ያለበትንም የተናገረ እንደ ሆነ፣ የስርቆት አሳብ እንዳልነበረው የሚናገርለት ማስረጃ ይህ ግልጽነቱ ራሱ ነው። ታርጋውን ነቅሎ፣ ወደ ኒሙሌ መንገድ አሻግሮ፣ ለሌላ ሰው አስረክቦ ቢገኝ ግን፣ የተከለከለው ደመወዝ እውነት ቢሆንም እንኳ የሠራውን ሥራ አያነጻለትም። ለእርሱም ለባለ ንብረቱም የሚበጀው፣ የደመወዙ ክርክር በሥራ ውል ክርክርነቱ እንዲታይ፣ መኪናውም ሥራውን እንዲቀጥል በሽማግሌ ፊት በጽሑፍ መስማማት ነበር።

አሁን ሁለቱ ክሶች ወደሚገናኙበት ስፍራ እንድረስ። ዛቻው ስለ ሌላ ጠብ ሆኖ መኪናውም በሌላ ቀን በስውር የተወሰደ እንደ ሆነ፣ ሁለት ወንጀሎች ናቸው፤ በአንዱ ነጻ የወጣ በሌላው ሊቀጣ፣ በአንዱም የተቀጣ በሌላው ነጻ ሊወጣ ይችላል። በፍርሃት ኀይል ባለ መኪናው ራሱ ቁልፉን አውጥቶ እንዲሰጥ የተደረገ እንደ ሆነ፣ አስፈራርቶ መቀበል የሚባለው ወንጀል ይሆናል። በመውሰዱ ሰዓት መሣሪያ ተደግኖ፣ ወይም የፈጣን ሞት ወይም የጉዳት ፍርሃት ተጥሎ የተወሰደ ከሆነ ግን ስርቆቱ ወደ ውንብድና ይለወጣል። የሕንዱ ሕግ ለስርቆት እስከ ሦስት ዓመት፣ ለውንብድና እስከ ዐሥር ዓመት፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ እስክትወጣ ባለው ጊዜ በአውራ ጎዳና ላይ ለተፈጸመ ውንብድና ደግሞ እስከ ዐሥራ አራት ዓመት እሥራት መወሰኑ፣ ፍርሃትና ጨለማ የመንገደኛን ነገር ምን ያህል እንደሚያከብዱት ሕግ አውጪው ማስተዋሉን ያሳያል። በኒሙሌ መንገድ ላይ በታጠቁ ሰዎች ጥቃት የሕይወት መጥፋት ደጋግሞ የታየበት አገር ይህን ልዩነት አጥብቆ ቢይዝ ተገቢ ነው። እንዲህ ከሆነ ግን ለመርማሪውም ለከሳሹም ዋናው ጥያቄ የሰዓቱ ጥያቄ ነው፦ ፍርሃቱ የመጣው ከመውሰዱ በፊት ነው፣ በመውሰዱ ጊዜ ነው፣ ወይስ መኪናው ከተወሰደ በኋላ «ከጠየቅኸኝ ወዮልህ» በሚል ቃል ነው? መልሱ በየጊዜው ልዩ ልዩ ክስ ያወጣል።

እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ የሚመለሱት በምርመራና በችሎት ነው፤ ክሱ የቀረበበት ሰው ግን አስቀድሞ የሚገኘው በእሥር ቤት ነው። የደቡብ ሱዳን የሽግግር ሕገ መንግሥት በ19ኛው አንቀጽ፣ የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ በሕግ እስኪረጋገጥ ንጹሕ ሆኖ እንዲቈጠር፣ የተያዘበት ምክንያት በተያዘ ጊዜ እንዲነገረው፣ በዋስ ካልተለቀቀም በ24 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል፤ በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በተመሳሳዩ አንቀጽ ጊዜው 48 ሰዓት ነው። ይሁን እንጂ ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ ደቡብ ሱዳን እሥር ቤቶች ባወጣው ጽሑፍ፣ ጠበቃ ሳያገኙ ለረዥም ጊዜ የሚቆዩ፣ ዕዳ ባለመክፈላቸው ብቻ የታሠሩም ሰዎች መኖራቸውን ገልጧል። አገሪቱ በ2024 የተቀበለችው ስለ ሲቪልና ስለ ፖለቲካ መብቶች የተደረገው ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በ11ኛው አንቀጹ፣ የውል ግዴታውን ለመፈጸም ባለመቻሉ ብቻ ማንም እንዳይታሠር ይከለክላል። ስለዚህ ያልተከፈለ የመኪና ዋጋን ወይም የደመወዝ ክርክርን የስርቆት ስም ሰጥቶ ሰው ማሳሠር፣ የግል በደል ከመሆኑ በላይ አገሪቱ ራሷ የገባችውን ቃል የሚያፈርስ ሥራ ነው።

ይህን ስንል የእኛ አገር ታሪክ ከዚህ ፈተና ነጻ ነበር ማለታችን አይደለም። ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ሰንሰለት ተቈራኝተው እስከ ዳኛ የሚሄዱበት ሥርዓት ነበረን። ሌባ ሻይ በሚባለው ልማድም አንድ ብላቴና መድኀኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ ሄዶ በደጁ የወደቀበት ሰው እንደ ሌባ ተቈጥሮ ዕዳ ይከፍል ነበር። በዚያው ዘመን የአገር ሰው በአንድ ላይ ተሰብስቦ በመሐላ የሚመረምርበት አውጫጭ ወይም አፈርሳታ የሚባለው ሸንጎ ደግሞ፣ ጉድለቱ ብዙ ቢሆንም፣ ክስ በምስክር ቃል እንጂ በጥርጣሬ እንዳይጸና የሚሻ ዝንባሌ ነበረበት። ከዚህ ታሪክ የምናተርፈው ትምህርት፣ ሰው ስለ ጠፋ ንብረቱ ሲቃጠል ቶሎ አንድ ወንጀለኛ ማግኘት እንደሚሻ፣ የፍትሕም ሥራ ይህን መቸኮል መግታት እንደ ሆነ ነው። «ሐራሚ»፣ ማለት «ሌባ»፣ ብሎ በገበያ መካከል መጮህና ሕዝብ አስነሥቶ ማስደብደብ ፍርድ አይደለም፤ ተደብዳቢው በእውነት ሌባ ቢሆን እንኳ ደብዳቢው ራሱ ወንጀለኛ ይሆናል።

በጉምቦም እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል፣ በጁባ ዓረብኛ ሱልጣን የሚባሉ የባህል አለቆች ሰውን ያስታርቃሉ፤ የእኛም ሽማግሌዎች እንዲሁ ያደርጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአካባቢ መንግሥት ሕግ ግን ለባህል ፍርድ ቤቶች የወንጀል ጉዳይ የማየት ሥልጣን የሰጣቸው፣ ጉዳዩ ከባህል ሕግ ጋር ሲገናኝና ሥልጣን ያለው መደበኛ ፍርድ ቤት ሲመራላቸው ብቻ ነው። ከዚህ የሽማግሌዎችን ድርሻ መለየት ይቻላል። የሒሳብ፣ የሽርክና፣ የደመወዝና የአደራ ክርክር ሲሆን፣ ወደ ፖሊስ ከመሄዱ በፊት ሽማግሌ ቢያየው ብዙ ሰው ከእሥር፣ ብዙ ወዳጅነትም ከመፍረስ ይድናል። የሞት ዛቻ ወይም የመሣሪያ ነገር ባለበት ግን፣ ሽማግሌዎች «በቤታችን እንጨርሰው» ብለው የተበዳዩን አፍ ሊዘጉ አይገባቸውም፤ ዛሬ በእርቅ ስም የተሸፈነ ዛቻ ነገ ሰው ገድሎ ቢገኝ የዝምታው ኀላፊነት በእነርሱም ላይ ይሆናልና።

ከዚህ ሁሉ በተግባር የሚወጣው ነገር ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሚሸጥ መኪና፣ የሚከራይ ቦቴ፣ በአደራ የሚተው ሞተር ብስክሌት ሁሉ፣ የሻሲና የሞተር ቁጥሩ፣ ዋጋው፣ ያልተከፈለው ቀሪ፣ ቁልፉን ማን እንደ ያዘና እስከ መቼ እንደ ያዘ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ምስክሮች ፈርመውበት ለሁለቱም ወገን ይሰጥ። የተያዘ ሰው በማያውቀው ቋንቋ በተጻፈ ቃል ላይ ከመፈረሙ በፊት እንዲተረጐምለት ይጠይቅ፤ የተከሰሰበትን ወንጀል ስም፣ ዛቻ ነውን ስርቆት ነውን ወይስ እምነት ማጉደል፣ ለይቶ እንዲነገረው ይጠይቅ፤ ወገኖቹም እርሱን ለማስፈታት ከመሮጥ ጋር የ24 ሰዓቱን ቁጥር ከተያዘበት ሰዓት ጀምረው ይጻፉ። ከሳሹ በበኩሉ ያየውንና የሰማውን ብቻ፣ በቅደም ተከተሉና በሰዓቱ ይናገር፤ ቁጣው የጨመረው አንድ ቃል ተጋልጦ ሲወድቅ እውነተኛውን ቃል ይዞት ይወድቃል።

በጁባ ያሉት የኢትዮጵያውያን ዕድሮችና የሃይማኖት ጉባኤዎች ለቀብርና ለሕክምና እንደሚያዋጡ ሁሉ፣ አንድ የታወቀ ጠበቃና የእንግሊዝኛና የጁባ ዓረብኛ አስተርጓሚ የሚያገኙበትን መዋጮ ቢጨምሩ፣ የውል ጽሑፍ አብነት አዘጋጅተው ለአባሎቻቸው ቢያድሉ፣ በአዲስ አበባ የሚገኙት መሥሪያ ቤቶችና በጁባ ያለው ኤምባሲያችንም በእሥር ያሉ ዜጎችን የክስ ዓይነት ለይተው መዝግበው ቢከታተሉ፣ ከምሕረት ልመና ይልቅ የጸና ሥራ ይሠራሉ። ለደቡብ ሱዳን ፖሊስና ዐቃብያነ ሕግም የምናቀርበው ልመና ከዚሁ የተለየ አይደለም፦ በዛቻ የሚያሸብረውንና በመንገድ የሚዘርፈውን ያለ ርኅራኄ ይክሰሱት፤ በሒሳብ የተጣሉትን ግን ወደ ሒሳባቸው ይመልሷቸው። ተሽከርካሪ ጠፋ ሲባል የሚቆጣ ሁሉ መብቱ ነው፤ አንድ ሰው ነጻነቱን ሲያጣ ግን፣ በስሙ የተጻፈው ወንጀል በእርግጥ እርሱ የሠራው መሆኑን ሳያረጋግጥ ማንም ዝም ሊል አይገባውም።